ማዳቀያ ቢላ ይዛችሁ ኑ

(በፍኖተ ሰላም ለተመራቂ ወጣቶች፣ ለወላጆችና ለግብርና ባለሙያዎች የተደረገ ዲስኩር)



ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስመጣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ግድግዳ ሥር ሰብሰብ ብለው የቆሙ ልጆች አየሁ። የሚያነቡት ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። አንዷ በስልኳ ፎቶ ታነሣለች፣ አንዱ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ ያነባል። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ «የአትክልትና ፍራፍሬ ባለሙያ፣ ብዛት አንድ፣ የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት» ይላል። ከሰሌዳው ፊት የቆሙት አሥራ አራት ናቸው፤ ቆጠርኳቸው። ሁለት ዓመት የሠራ ከመካከላችሁ ማን ነው ብዬ ብጠይቅ አንድም ሰው እጁን አላነሣም። ከተመረቀ ሦስት ዓመት የሆነው አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ልምድ ካልቀጠሩን ከየት እናምጣ?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አዳራሹ እስክደርስ ስመላልሰው መጣሁ፤ የተዘጋጀሁበትን ንግግርም ግማሹን ትቼ ለእሱ መልስ ልስጥ።

ነገሩን ከመነሻው ላስረዳ። በ1990ዎቹ የግብርና ኮሌጆች በየአካባቢው ሲከፈቱ፣ በእኛም በኩል ቡሬ፣ ወረታ፣ መርሳና ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ሺህ ወጣት ሠልጥኖ በየቀበሌው ተመደበ። የአንድ ቀበሌ ድርሻ ሦስት የልማት ሠራተኛ ነበር፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። አትክልትና ፍራፍሬ ለብቻው ወንበር አልተሰጠውም፤ ከሰብሉ ሥር ነው የተጠቃለለው። ወንበሩ ከሞላ ቆይቷል። የሚለቀቀው አንድ ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲዛወር ነው። በሌላ በኩል ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬ ካምፓሱ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም በግብርና ኮሌጁ በየዓመቱ ያስመርቃሉ። ልጆቻችን ሰነፍ ሆነው አይደለም ሥራ ያጡት፤ ለአሥራ አራት ሰው አንድ ወንበር ስለሆነ ነው።

እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው በችግኝ ሥራ ላይ ያለሁት፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ችግኝ ጠፋ፣ የሚያዳቅል ሰው ታጣ፣ የሚገርዝ ታጣ ሲባል እንጂ ሥራ ጠፋ ሲባል ከገበሬ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ሥራው አለ። ያለው ግን በገበሬው ማሳና በገበያው መካከል ነው፤ ያንን መሐል የሚሞላ የሠለጠነ እጅ ነው የጎደለን።

ማንጎን ላንሣ። ጃቢ ጠህናን ውስጥ በላህም ሆነ በብር ወንዝ በኩል ስትወርዱ ማንጎ ያለበት ግቢ ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ከዘሩ የበቀለ፣ ሽቅብ የወጣ፣ ፍሬው በዘንግ ተመትቶ የሚወርድ ነው። መሬት ላይ ሲወድቅ ይቀጠቀጣል፤ በሁለተኛው ቀን ይጠቁራል፤ ገበያ ሲደርስ ደላላው በፈለገው ዋጋ ይወስደዋል። በዚህ ላይ ከዓባይ ማዶ የመጣ ጠላት አለበት። ነጩ የማንጎ ስኬል ተባይ በአገራችን መጀመሪያ የታየው ነሐሴ 2002 ዓ.ም. ምሥራቅ ወለጋ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ውስጥ ነው። ከቡሬ ተነሥቶ ወደ ነቀምቴ የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ፣ ተባዩ ወደ እኛ ለመሻገር ሩቅ አገር መዞር እንዳላስፈለገው ይገባችኋል። በተያዘ ችግኝና ፍሬ፣ በነፋስም ይሄዳል። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል፤ የተያዘው ቦታ ይገረጣል፤ ፍሬው ሮዝማ ነጠብጣብ ያወጣና ገዢ ያጣል።

ለዚህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? ርጭት አንዱ ነው፤ ነገር ግን አሥራ አምስት ሜትር በቆመ፣ ውስጡ በጨለመ ዛፍ ላይ የጀርባ መርጫ ምንም አያደርግም። መጀመሪያ ዛፉ መገረዝ፣ ቁመቱ መውረድ፣ ብርሃንና ነፋስ መግባት፣ የተቆረጠውም መቃጠል አለበት። ይህን ማን ይሥራው? ስድሳ ዓመት የሞላቸው አባት መጋዝ ይዘው ዛፍ ላይ አይወጡም፤ ልጃቸውም አዲስ አበባ ሎተሪ እያዞረ ነው ወይም ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። እንግዲህ አምስት ወጣት ሆናችሁ ሁለት መጋዝ፣ አንድ መሰላል፣ ገመድና መርጫ ብትገዙ፣ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞራችሁ በዛፍ እየተዋዋላችሁ መገረዝ ትችላላችሁ። በተቆረጠው ግንድ ላይ የሚያቆጠቁጠውን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳችሁ በኬንት ወይም በቶሚ አትኪንስ ዝርያ ታዳቅሉታላችሁ። ይህን የሚሠራ ቡድን አንድ ወረዳ ውስጥ ቢገኝ ሥራው በሁለትና ሦስት ዓመት የሚያልቅ አይደለም።

ስለ ማዳቀል ካነሣሁ፣ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ሥራ ነው።

የአገሬው አቮካዶ ፍሬ በላስቲክ ውስጥ ይዘራል። ግንዱ የእርሳስ ውፍረት ሲደርስ አናቱ ይቆረጣል። መሐሉ በስለታም ቢላ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ይሰነጠቃል። ከጥሩ እናት ዛፍ የተቆረጠች፣ ዓይኖቿ ያበጡ ግን ያልፈነዱ፣ ያንኑ ውፍረት ያላት ቅርንጫፍ በሁለት ወገን እንደ ሽብልቅ ትቀረጽና ስንጥቁ ውስጥ ትገባለች። ሙያው ያለው እዚህ ላይ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ቀጭን አረንጓዴ ሽፋን አለ፤ ሕይወት የሚመላለሰው በእሱ ነው። የላይኛው አረንጓዴ ከታችኛው አረንጓዴ ጋር ቢያንስ በአንድ ወገን መግጠም አለበት። ካልገጠመ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ውኃ እንዳይገባበት፣ እንዳይደርቅም ይሸፈናል፤ ጥላ ሥር ይቀመጣል። አንድ ወር ገደማ ጠብቃችሁ ዓይኗ አረንጓዴ ሆና ስትነቃነቅ ስታዩ የሚሰማችሁን ደስታ እኔ በቃል አልገልጸውም። ቢላው ከደነዘዘ ግን ቆዳውን ይጨፈልቀዋል፤ እጃችሁ ከቆሸሸ ይበሰብሳል፤ የተቀረጸችውን ቅርንጫፍ ነፋስ ላይ አስቀምጣችሁ ወሬ ካወራችሁ ትደርቃለች።

ከዘር የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ስድስትና ሰባት ዓመት ያስጠብቃል፤ ፍሬውም እናቱን ላይመስል ይችላል። በደንብ የተዳቀለው በሦስትና በአራት ዓመት ይሰጣል፤ ፍሬውም ያው የምታውቁት ነው። ገዢ የሚፈልገው ይህን ነው። ሜጫ ወረዳ መራዊ አጠገብ 7 ሺህ ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ በተሠራው የቆጋ መስኖ፣ ገበሬዎች ሃስ የተባለውን አቮካዶ ተክለው ምርታቸው አውሮፓ ደርሷል። ገበሬው ይህን ያህል የደረሰው አንድ ሰው አስቀድሞ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ በቢላ ስላዳቀለለት ነው።

የዚህ ሃስ ታሪክ ራሱ ለሥራ ፈላጊ ይጠቅማል። ሩዶልፍ ሃስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖስታ አዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከተከላቸው ችግኞች አንዱ ደጋግመው ቢያዳቅሉት አልይዝ አለ። ሊነቅለው ሲል የሚያዳቅልለት ባለሙያ ግንዱ ጠንካራ ስለሆነ ተወው፣ ይደግ አለው። ያ ዛፍ ነው በዓለም ላይ ላሉት የሃስ ዛፎች ሁሉ እናት የሆነው። ሰውየው በ1935 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት አወጣበት፤ ያገኘበት ገንዘብ ግን ጥቂት ነው። ገበሬዎች አንድ ዛፍ ይገዙና ከእሱ እየቆረጡ ማሳቸውን ሁሉ ያዳቅሉ ነበር። በየአገሩ በዚህ ዛፍ እንጀራ የበሉት ማዳቀል የሚችሉት ናቸው፤ እናት ዛፉ በ2002 እ.ኤ.አ. ደርቆ እንኳ ሥራቸው አልቆመም።

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። ልምድ ከየት ይምጣ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የግል ችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ምረጥ ተብዬ ነበር። ዲግሪ ያላቸው ብዙ መጡ፤ ወረቀታቸው የሚያኮራ ነው። ቢላ ሰጥቼ አንድ ችግኝ አዳቅሉ ስላቸው ግን አብዛኞቹ ቢላውን እንደ ሽንኩርት መክተፊያ ያዙት። በመጨረሻ ከቡሬ ወዲያ ካለች ቀበሌ የመጣች፣ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ የሙያ ብቃት ምዘና (ሲኦሲ) የተፈተነች ልጅ ገባች። «ጋሼ፣ የሥራ ልምድ ወረቀት የለኝም፤ ይኸን ይዩልኝ» ብላ ጠርዙ የተበላ ደብተር ሰጠችኝ። ገለጥኩት። «ግንቦት 6፤ 40 አዳቀልኩ፣ 11 ያዘ፤ ቢላው ደንዝዞ ነበር።» «ሰኔ 2፤ 40 አዳቀልኩ፣ 26 ያዘ፤ የቀሩት ዝናብ ገባባቸው።» እንዲህ እያለ ይሄዳል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ከ40ው 35ቱ ይዘዋል። ችግኙን ያገኘችው የጎረቤቷን ገበሬ በነጻ እያገለገለች ነው። ቢላ ሰጠኋት፤ ምላጩን በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ ፈተነችው፣ ከዚያ በአልኮል ጠረገችው። ሳታዳቅል ቀጠርኳት።

ልጆቼ፣ ያ ደብተር የሁለት ዓመት ልምድ ነው። ማንም መሥሪያ ቤት ማኅተም ባያደርግበት አሠሪ የሆነ ሰው ያነበዋል። ዛሬ ማታ ደብተር ክፈቱ።

ወደ በርበሬው ልለፍ፤ የእኛ አገር ያለ በርበሬ አይወራም። ቡሬ፣ ወንበርማና ጃቢ ጠህናን በበርበሬያቸው የታወቁ ናቸው። በርበሬ በመጋቢትና በሚያዝያ መደብ ላይ ይዘራል፣ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ክረምቱ ሲገባ ወደ ማሳ ይዛወራል። ብዙው ገበሬ ዘሩን መደብ ላይ አጨናንቆ ይበትነዋል፤ ችግኙ ቀጥኖ፣ ግንዱ እንደ ክር ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በየዓመቱ በዚያው ማሳ ላይ ስለሚተከል አጠውልግ የሚባለው በሽታ ይገባበታል፤ ጠዋት ደህና የነበረ ማሳ ከሰዓት በኋላ ጭንቅላቱን ደፍቶ ይገኛል። ጤነኛ የበርበሬ ችግኝ በመስመር ዘርቶ፣ ጉዝጓዙን በጊዜው አንሥቶ፣ ከመዛወሩ በፊት ጥላውን ገፍፎ ውኃውን ቀንሶ ፀሐይ አለማምዶ የሚሸጥ ወጣት ገዢ አይቸገርም። ለዚህ ሰፊ መሬት አያስፈልግም፤ የእናታችሁ ጓሮና ቅርብ ውኃ ይበቃል። ማድረቁም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ባዶ መሬት ላይ የተሰጣ በርበሬ እርጥበት ይጠጣል፣ ይሻግታል፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን ያመጣል፤ ይህ ለጤናም ለውጭ ገበያም ጠንቅ ነው። ከፍ ባለ አልጋ ወይም በሸራ ላይ ማድረቅ፣ መልቀም፣ በደረጃ መለየት የሚችል ቡድን ለነጋዴም ለዩኒየንም ያስፈልጋል።

ደጋ ያላችሁት፣ ከሰከላና ከቋሪት የመጣችሁ ካላችሁ፣ የእናንተ ነገር የዘር ድንች ነው። አዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ጓሳና ዘንገና የተባሉትን ዝርያዎች ያወጣው ለዚህ ለእኛ አየር ብሎ ነው። ብርሃን በሚያስገባ መደርደሪያ ላይ የዘር ድንች አስቀምጦ ቡቃያውን አጭርና ወፍራም አድርጎ መሸጥ ከመብል ድንች የተለየ ገበያ አለው።

ከአዊ ወንድሞቻችንም አንድ ነገር እንማር። ፋግታ ለኮማ ላይ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ለከሰል መትከል ሲጀምር፣ ችግኝ ማፍላት የየቤቱ ሥራ ሆነ፤ ማንም ሰሌዳ ላይ አልለጠፈውም። ኋላ ግን በሽታ ገብቶ ተክሉን ጎዳው። ችግኝ የምታፈሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ብቻ እንዳትይዙ፤ ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ጌሾ፣ ቡና፣ በርበሬ እያላችሁ አብዙት።

ስለ አበባ እርሻ የሚጠይቀኝ ብዙ ሰው ነው፤ በተለይ እናቶች። ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱና ዝዋይ ላይ ብዙ ሺህ ሰው ይሠራል፤ አብዛኞቹም ሴቶች ናቸው። በሮዝ መቁረጥና መደርደር ተጀምሮ ሱፐርቫይዘር እስከ መሆን የደረሱ አውቃለሁ። ለሚማር ሰው ጥሩ ትምህርት ቤት ነው፤ ሰዓት ማክበር፣ ንጽሕና፣ የምርት ጥራት እዚያ ይለመዳል። ሮዝ ግን ጠዋት ተቆርጦ አውሮፕላን ይጠብቃል። ፍኖተ ሰላም ከአዲስ አበባ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቡሬ ከ400 በላይ ትርቃለች። ስለዚህ የአበባ እርሻ ደጃችን እስኪመጣ አትጠብቁ። ቢመጣም ዋስትና እንደሌለው አይተናል፤ ነሐሴ 2008 ዓ.ም. በባሕር ዳር የአበባ እርሻ ሲቃጠል የእርሻው ሠራተኞች ሥራቸውን አጥተው ቀርተዋል።

ለመቀጠር የምትሄዱ ግን ሕጉን እወቁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳያልፍ፣ መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ደብዳቤ መስጠት አለበት። ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲም ከሠራተኛው ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። እንግዲህ «ይህን ያህል ብር ላክልኝና ላስገባህ» የሚል የቴሌግራም መልእክት ቢደርሳችሁ ስልኩን ዝጉት። ኬሚካል ርጩ ስትባሉ ደግሞ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ቦቲ ጠይቁ፤ በተረጨ ቤት ውስጥ የተባለው ሰዓት ሳይሞላ አትግቡ። ይህን መጠየቅ እንደ ድፍረት የሚቆጠር ከሆነ ያ ቦታ ለእናንተ አይሆንም።

ቡሬ ላይ የተገነባው የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ ትልቅ ተስፋ ነው። በአገሪቱ መጀመሪያ ከተጀመሩት አራቱ አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ ቡልቡላ፣ ይርጋለምና ባዕከር ናቸው። ነገር ግን ፋብሪካ የሚፈልገው አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን ያለው፣ በወቅቱ የሚደርስ ምርት ነው። ያ ምርት የሚጀምረው ከችግኝ ጣቢያ ነው። ፓርኩ ሙሉ ሥራ ሲጀምር ዛፍ ለመትከል ብትነሡ አራት ዓመት ዘግይታችኋል።

የማይነሣ የሚመስለውን ላንሣና ልጨርስ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በግጭቱ ምክንያት አካባቢያችን ምን እንዳሳለፈ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ኢሱዙ ላይ የበሰበሰ ቲማቲም፣ ማሳ ላይ የቀረ ጎመን አይተናል። ይህንን ሳያስብ የአትክልት ሥራ ጀምሩ የሚላችሁ ሰው አይጠቅማችሁም። የእኔ ምክር መጠበቅ የሚችለውን ምረጡ ነው። ቲማቲም ለሦስት ቀን አይታገሥም። የደረቀ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና የዘር ድንች ወራት ይታገሣሉ። የተዳቀለ ችግኝም ውኃ እስካገኘ ድረስ መንገዱ እስኪከፈት ላስቲኩ ውስጥ እያደገ ይጠብቃል፤ ገዢውም ብዙ ጊዜ የዚያው ቀበሌ ሰው ነው፣ በአህያ ጭኖት ይሄዳል።

ለወላጆች አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁ ዲግሪ ይዞ አፈር በላስቲክ ሲሞላ ስታዩት «ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?» አትበሉት። ይህ ቃል ስንት ልጅ ከቤት እንዳስወጣ አይቻለሁ። ይልቅ ከጓሮው ቁራሽ መሬት፣ ከገራይ መስኖም ሆነ ከቤት ጉድጓድ ውኃ ስጡት። የተደራጁትንም በብድር በኩል ጸደይ ባንክ ድረስ አብራችሁ ሂዱላቸው፤ ዋስ ሁኗቸው።

ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ችግኝ ጣቢያ እገኛለሁ። ሁለት መቶ የአቮካዶ ችግኝ ለመማሪያ ለይቼ አስቀምጫለሁ፤ ቢበላሹም አልቆጣም። ከሰሌዳው ሥር ያገኘኋችሁ አሥራ አራታችሁም እዚህ ካላችሁ ኑ። ስለታም ቢላ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ያዙ። ቢላ የሌለው ባዶ እጁን ይምጣ፤ እኔ ጋ ትርፍ አለ።